አልጋ ስንት ነው?

ከጥቂት ዓመታት በፊት አዳማ ላለ አንድ ፔንሲዮን የእንግዳ መቀበያ ሶፍትዌር ሠርቼ ነበር። ሃያ ሁለት ክፍል፣ አንዲት እንግዳ ተቀባይ፣ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር። ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ ማን ከፈለ የሚለውን የሚይዝ ቀላል ነገር ነው። ልንረካከብ ሁለት ቀን ሲቀረን ባለቤቱ ደወሉልኝ። «ኢንጅነር፣ ሁሉም ነገር ቆንጆ ነው። አንድ ነገር ብቻ ቀረህ፤ የስብሰባ ዋጋ የምትል ቁልፍ አስገባልኝ።»

አዳማን የሚያውቅ ሰው ማብራሪያ አይፈልግም። ለማያውቅ ግን፦ ከተማዋ ከአዲስ አበባ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ የፍጥነት መንገዱ በ2006 ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ ጠዋት ቡና ጠጥተው ተነስተው ለዘጠኝ… ይቅርታ፣ ለሦስት ሰዓት ስብሰባ የሚደርሱባት ሆናለች። መሥሪያ ቤቱ፣ ኤንጂኦው፣ ዩኒቨርሲቲው ሥልጠና ሲኖረው ወደ አዳማ ነው የሚያመጣው። ሰልጣኙ አበል ይዞ ይመጣል፣ አልጋ ይዞ ያድራል፣ ማታ ፖስታ ቤት አካባቢ ሲንሸራሸር ያመሻል። በእነዚያ ቀናት አልጋ ይጠፋል። የጠፋ ነገር ደግሞ ይወደዳል።

ቁልፏን ሠራሁ። ኮዱ አንዲት መስመር ናት፤ የአልጋውን ዋጋ በአንድ ቁጥር ታባዛለች። ቁጥሩን ባለቤቱ ራሳቸው ይሞላሉ፤ 1.5፣ 2፣ ኢሬቻ ደርሶ የቢሾፍቱ አልጋ ሞልቶ ሰው ወደ እኛ ሲተርፍ ደግሞ የፈለጉትን። ገንዘቤን ተቀብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ስለዚያች መስመር ለረጅም ጊዜ አላሰብኩም።

ያሳሰበኝ መጋቢት 24 ቀን 2016 ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016ን በአብላጫ ድምፅ አጸደቀ ተባለ። በማግስቱ እናቴ ደወለችልኝ። እናቴ ከግቢያችን ጀርባ ሦስት ሰርቪስ ክፍሎች ታከራያለች፤ እኔን ያስተማረኝም የእነዚያ ክፍሎች ኪራይ ነው። «ልጄ፣» አለች፣ «ቤታችንን ሊወስዱት ነው እንዴ?»

«ኧረ ማንም አይወስድም እማዬ፣ ኪራይ ብቻ ነው።»

«ያኔም ኪራይ ብቻ ነው ተብሎ ነው የተጀመረው።»

«ያኔ» ያለችው 1967 ነው። አያቴ ሁለት ቤት ነበራቸው፤ አንዱ ተወሰደ። እናቴ በዚያን ጊዜ ገና ትንሽ ልጅ ናት። የምታስታውሰው አያቴ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ሬዲዮ ሲያዳምጡ፣ ከዚያም ሬዲዮውን ሳይዘጉት ተነስተው ሲሄዱ ነው።

እኔ ደግሞ በዚያ ሰዓት አዲስ አበባ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነበር የምኖረው። አዋጁ ለእኔ መልካም ዜና ነው፤ ለእናቴ ስጋት ነው፤ ለፔንሲዮኑ ባለቤት ምንም አይደለም። አንድ ጽሑፍ ሦስታችንን በሦስት ዓይነት እንዴት አየን የሚለው ጥያቄ ነው አዋጁን እንዳነብ ያደረገኝ። ያነበብኩትም እንደ ጠበቃ አይደለም፤ ጠበቃ አይደለሁም። ያነበብኩት እንደ ድርሰት ነው። ሕግ ማለት ገጸ ባሕርያት ያሉት፣ ስም የሚያወጣ፣ አንዱን አስገብቶ ሌላውን በር ላይ የሚያስቀር ጽሑፍ ነው። በዚህ መጽሔት ልብ ወለድ ስንተች የምንጠይቀውን ለምን አዋጅን አንጠይቀውም?

ከቃላቱ ልጀምር። አማርኛ በአከራይና በተከራይ መካከል ያስቀመጠው ልዩነት አንድ ፊደል ነው፤ «አ» እና «ተ»። ሥሩ አንድ ነው። አንዱ ያደርጋል፣ በሌላው ላይ ይደረግበታል። ከዚህ በፊት የነበሩትን ቃላት ብታዩ ግን ሰውየው የሚጠራው በኪራዩ አይደለም። ጭሰኛ ከጭስ ነው፤ በሰው መሬት ላይ እሳት አንድዶ የሚኖር። ደባል አብሮ የተደበለ ነው፤ ቤት የለውም፣ ከባለ ቤቱ ጋር ግን ይኖራል። ሦስተኛው እንግዳ ነው፤ እሱ ጭራሽ የሚከፍል ሰው አልነበረም።

ይህቺ የመጨረሻዋ ቀላል ነገር አይደለችም። እቴጌ ጣይቱ በ1900 ገደማ አዲስ አበባ ላይ ሆቴል ሲያስከፍቱ የገጠማቸው ችግር ይኸው እንደነበር ይተረካል፦ ሰው ለምግብ ገንዘብ መክፈልን ነውር አድርጎ ስላየው የሚገባ ጠፋ፤ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን ይዘው እየሄዱ፣ እየጋበዙ፣ ኋላም «እናንተስ መቼ ነው የምትጋብዙኝ» እያሉ አለማመዷቸው ይባላል። ዝርዝሩ እንደ ተራኪው ይለያያል። ፍሬ ነገሩ ግን ያው ነው፤ ዋጋ የሌለው ነገር ላይ ዋጋ መለጠፍ ንጉሥ ፈልጓል። ዛሬም ቢሆን «አልጋ ተከራየሁ» አንልም፣ «አልጋ ያዝኩ» ነው የምንለው። አልጋ ደግሞ በቋንቋችን ዙፋንም ነው፤ አልጋ ወራሽ ያልነው ፍራሽ የሚወርሰውን አይደለም። ምናልባት ለዚህ ይሆናል ሰው አልጋ ቤት ገብቶ ዋጋ ሲከራከር ትንሽ የሚያፍረው።

ከዚያ በኋላ የስምጥ ሸለቆው መንገድ ተለማመደ፤ እንዲያውም ከማንም በላይ ተለማመደ። ከሞጆ ወደ ደቡብ የሚታጠፈው መንገድ በሹፌርና በመንገደኛ ነው የተገነባው። በቀለ ሞላ ላንጋኖ፣ ሻሸመኔ፣ አርባ ምንጭ እያሉ በዚያ መስመር ላይ ሆቴል በሆቴል ሲያስከትሉ የገባቸው ነገር ቀላል ነበር፤ መኪና የሚያድርበት ቦታ ሁሉ ሰው ያድርበታል። የአዳማ ልጅ ስለሆንኩ ይህን ሳየው የኖርኩት ነው። እኛ ሰፈር «እንግዳ» ሲባል ዘመድ ነው ወይስ ደንበኛ ብሎ መጠየቅ የተለመደ ነው።

ወደ ሕጉ ልመለስ። መጀመሪያ ያገኘሁት ጥሩ ጽሑፍ (ጥሩ ስል እንደ ጽሑፍ) በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ረቂቁን በፈረንሳይኛ ያዘጋጁት ሬኔ ዳቪድ የሚባሉ ፈረንሳዊ ምሁር ናቸው፤ ወደ አማርኛ ተመልሶ፣ በኮሚሽንና በፓርላማ አልፎ፣ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ከሦስት ሺህ በላይ አንቀጾች አሉት። ስለ ቤት ኪራይ ዋጋ የሚናገረው አንቀጽ 2950 ነው፤ የሚለውን በራሴ አባባል ላስቀምጠው፦ ኪራዩን ተዋዋዮቹ ተስማምተው ይወስናሉ። ካልተስማሙ ወይም ካጠራጠረ የማዘጋጃ ቤቱ ታሪፍ ይታያል። ታሪፍ ከሌለ የቦታው ልማድ።

ኮድ ለሚጽፍ ሰው ይህ የሚያስደስት ነገር ነው። ሦስት ደረጃ ያለው «ካልሆነ ደግሞ» ነው፤ አንዱ ሲወድቅ ሌላው ይይዘዋል፣ መጨረሻ ላይ መሬት የሚያስነካው ደግሞ ልማድ ነው። መንግሥት መሀል ላይ ነው ያለው፤ መጀመሪያም መጨረሻም አይደለም። ያው ሕጉ የገጠሩን ጭሰኛ ከምንም አላዳነም፤ ከተማ ውስጥም ተስማሙ የተባሉት ሁለት ሰዎች እኩል አልነበሩም። ግን ዓረፍተ ነገሩ ሁለት ሰዎችን አስቀምጦ ይጀምራል። ከዚህ በኋላ የምናያቸው ጽሑፎች ይህን አያደርጉም።

በዚሁ ሕግ ከአንቀጽ 2653 ጀምሮ ስለ ሆቴልና ስለ እንግዳ የሚናገር ክፍል አለ። ሳገኘው ተደስቼ ነበር፤ ሳነበው ሳቅኩ። ትልቁ ጭንቀቱ ሻንጣ ነው። የእንግዳው ዕቃ ቢጠፋ ማን ይጠየቃል፣ ቢበላሽስ፣ ባለሆቴሉስ እንግዳው ሳይከፍል ቢቀር ዕቃውን ምን ማድረግ ይችላል። አርቃቂው ያሰበው መንገደኛ ጥሩ ሻንጣ ያለው መንገደኛ ነው። በፌስታል ልብሱን ይዞ መጥቶ ለስድስት ወር አንድ አልጋ ላይ የሚኖረውን የቀን ሠራተኛ አላየውም። እሱን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ሁለተኛው ጽሑፍ አዋጅ ቁጥር 47/1967 ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 የታወጀ፣ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ንብረት ያደረገ። የገጠሩ መሬት በዚያው ዓመት በአዋጅ 31 ተወስዶ ነበር፤ ይኼ የከተማው ወንድሙ ነው። እንደ ጽሑፍ ጉልበተኛ ነው፣ አይካድም። ማንም ሰው ከአንድ በላይ መኖሪያ ቤት አይኖረውም። ከ100 ብር በታች የሚከራዩ ቤቶች ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያሉት ወደ ኪራይ ቤቶች አስተዳደር። ኪራዩም ተቀነሰ፤ ለድሃው ብዙ፣ ለተሻለው ትንሽ።

የዚህ አዋጅ ትልቁ ፈጠራ አንድ ቃል ነው፤ «ትርፍ ቤት»። አማርኛ ለትርፍ ሁለት ፍቺ ይሰጣል፦ የተረፈ፣ ማለትም ከሚያስፈልግ በላይ የሆነ፤ እና ንግድ ያስገኘው ገቢ። አዋጁ ሁለቱን ፍቺዎች በአንድ ቤት ውስጥ አስገብቶ በሩን ዘጋው። ሁለተኛ ቤት ያለህ ሰው በአንዴ ሁለት ነገር ሆንክ፤ የማያስፈልግህን የያዝክና በሰው ላይ የምታተርፍ። አያቴ ቤቷን የሠሩት በባቡር ጣቢያ ሥራ ጡረታቸውና በአያቴ ጠላ ነው። ያቺ ቤት ለእነሱ የጡረታ ዋስትና ነበረች፤ በአዋጁ ቋንቋ ግን ለእንደዚህ ዓይነት ነገር ስም የለም። ስም የሌለውን ነገር ደግሞ መከራከሪያ ማድረግ አይቻልም። እርግጥ በዚያው ቀን በዚያው ቤት ሲኖሩ የነበሩት ተከራዮች በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም ውጡ የማይላቸው ሰዎች ሆኑ። ይህን ሳልጽፍ ብቀር እናቴን ደስ ይላታል፤ ግን እውነት ነው።

ስለ ክርክር ልናገር ፈልጌ ነበር፤ 47 ላይ ግን ክርክር የለም። ደርግ ፓርላማውን ከዘጋው ቆይቷል። አዋጁ የተከራከረው ከማንም ጋር አይደለም፤ ለዚህ ይመስለኛል ዓረፍተ ነገሮቹ አጭርና እርግጠኛ የሆኑት። የተከራከሩበት ሕግ ውስጥ «ሆኖም»፣ «ነገር ግን»፣ «ካልሆነ በቀር» ይበዛል። ተቃዋሚው ጠፍቶ እንኳ አሻራው እዚያ ይቀራል።

ከዚያ በፊት በአገራችን ላይ ሕግ ያወጣ የቅኝ ገዢ ኃይልም ነበር። ፋሺስት ጣሊያን በ5 ዓመቱ ወረራ ሆቴል ሠርቷል፤ አዲስ አበባም፣ ጎንደርም፣ ሌላም ከተማ ውስጥ ለዚሁ ተብሎ የተቋቋመ የሆቴል ኩባንያ ነበረው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 29 ቀን 1939 ባወጣው የዘር ሕጉ ደግሞ ጣሊያናዊ ሰው «ለአገሬው» በተለዩ ቤቶች ማዘውተሩን በወንጀል አስቀጣ። ይህን ያነሳሁት አንድ ነገር ለማለት ብቻ ነው፤ ሕግ አልጋ ቤት ሲገባ ሁልጊዜ ዋጋ ለመቆጣጠር ብቻ አይደለም። አንዳንዴ ማን ከማን ጋር በአንድ ጣራ ሥር እንዳይታይ ለመቆጣጠርም ነው።

እኔ ግን ከሁሉም በላይ ጊዜ ያጠፋሁበት ጽሑፍ ከኢትዮጵያ አይደለም። የቦምቤይ ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲፋፋም ቦምቤይ በሰው ተጥለቀለቀች፤ ወደብ፣ ፋብሪካ፣ ወታደር። በዚያን ጊዜ የግዛቱ ምክር ቤት አይሠራም፤ ሕግ የሚያወጣው እንግሊዛዊው ገዢ ነበር። በ1944 (እ.ኤ.አ.) አንድ ሕግ ወጣ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ በ1947፣ ነጻነት በመጣበት ዓመት፣ በተመረጠ ምክር ቤት ተሻሽሎ እንደገና ወጣ። ስሙን ልብ ብላችሁ አንብቡት፦ የቦምቤይ የኪራይ፣ የሆቴልና የማረፊያ ቤት ዋጋ ቁጥጥር ሕግ። ኪራይ፣ ሆቴል፣ ማረፊያ ቤት። ሦስቱም ርዕሱ ላይ።

ለምን? ምክንያቱም ከተማዋን ያዩት ሰዎች ሰው እንዴት እንደሚኖር ስላዩ ነው። ወደ ቦምቤይ የሚመጣው ወጣት ሠራተኛ ቤት አይከራይም፤ አልጋ ነው የሚይዘው። በወር እየከፈለ፣ አንዳንዴም ምግቡን ጨምሮ፣ ለዓመታት እዚያው ይኖራል። ኪራዩን ብቻ ብትቆጣጠር ባለቤቱ በሩ ላይ «ማረፊያ ቤት» የሚል ሰሌዳ ሰቅሎ ከሕጉ ይወጣል። ስለዚህ ሕጉ ተቆጣጣሪ ሹም አቆመ፤ ሹሙ የሆቴልና የማረፊያ ቤት ተመጣጣኝ ዋጋ መወሰን ይችላል። ሰሌዳ በመቀየር የምታመልጠው ነገር የለም።

ይህን ሳነብ በቅኝ ገዢ ሕግ መደነቄ አናደደኝ። ግን ሥራዬ ስለሆነ አውቀዋለሁ፤ ይኼ ሰው የድንበሩን ጉዳይ አስቦበታል። እኛ ፕሮግራም ስንጽፍ አብዛኛው ስህተት የሚፈጠረው መሀል ላይ አይደለም፤ ጠርዝ ላይ ነው። አንድ ነገር ሌላ ነገር የሚሆንባት መስመር ላይ።

ደግሞ ቦምቤይን አላሞግስም። ያው ሕግ ኪራዩን በመስከረም 1940 (እ.ኤ.አ.) በነበረበት ቸነከረው፣ ከዚያም ረሳው። አሥር ዓመት፣ ሃያ ዓመት፣ ሃምሳ ዓመት። ባለቤቱ ጣራ አይጠግንም፣ ለምን ይጠግናል? ተከራዩ አይለቅም፣ ለምን ይለቃል? ቤቱን መልቀቅ የፈለገ ተከራይ «ፓግዲ» የሚሉትን ወፍራም ገንዘብ ከሚገባው ሰው በእጅ ይቀበላል፤ ማለትም ሕጉ የደበቀው ዋጋ በጓሮ በር ተመልሶ ገባ። በ1997 መጨረሻ የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የተቸነከረው ኪራይ ምክንያታዊነቱን አጥቷል ብሎ ተናገረ፤ ከ2000 ጀምሮ በሌላ ሕግ ተተካ። የኛ የቀበሌ ቤትም ታሪኩ ሩቅ አይደለም። ለአሥርት ዓመታት በጥቂት ብር ኪራይ፣ ጣራው በላስቲክ ተሸፍኖ፣ ቁልፉ ግን በድብቅ ሲሸጥ ያላየ ከተሜ አለ?

አሁን 1320ን እናንብበው። ቢያንስ ከ47 የተማረ ጽሑፍ ነው። ቤት አይወስድም። ኪራይ አይቸነክርም፤ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው መጠን ብቻ እንዲጨመር ያደርጋል። ውሉ በጽሑፍ ይሆናል፣ ይመዘገባል፤ ዝቅተኛ ጊዜው ሁለት ዓመት ነው። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይበልጥም። ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ። አዲስ አበባ ውስጥ የስድስት ወርና የዓመት ቅድሚያ ክፍያ ተጠይቄ ስለማውቅ የሁለት ወሯን መስመር ሳነብ «ይሄን የጻፈ ሰው ቤት ተከራይቶ ያውቃል» አልኩ።

አዋጁ ሲረቀቅም ሲጸድቅም የተሰማው ክርክር ሁለት ጎን አለው። አንዱ ተከራዩ ደመወዙን ለቤት ገብሮ አለቀ ይላል። ሌላው ዋጋ ብትይዝ የሚሠራ ሰው ታጣለህ፣ ችግሩ የቤት እጥረት ነው ይላል። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ለዚህም ነው ክርክሩ አሰልቺ የሆነው። አንድም ጊዜ ያልተጠየቀው ጥያቄ ርዕሱ ውስጥ ተቀምጧል። «የመኖሪያ ቤት» ማለት ምን ማለት ነው? መኖር የሚጀምረው በስንተኛው ሌሊት ነው?

አዲስ አበባ ሆነህ ስታነበው ይህ ጥያቄ አይመጣብህም። እዚያ ተከራይ ማለት ኮንዶሚኒየም ወይም ሰርቪስ ቤት ያለ ሰው ነው። አዳማ ሆነህ ስታነበው ነው የሚያስቸግርህ። የኢንዱስትሪ ፓርኩ ከተከፈተ ወዲህ የመጡ ልጆች አሉ፤ አራትና አምስት ሆነው አንዲት ክፍል የሚይዙ። የግንባታ ሠራተኞች አሉ፤ ፕሮጀክቱ እስኪያልቅ አልጋ ቤት የሚያድሩ። ባቱ ብትሄድ የአበባ እርሻ ሠራተኞች አሉ። ከመንደራቸው የተፈናቀሉ፣ ዘመድ ቤት ሲጠባቸው በቀን እየከፈሉ ፔንሲዮን ውስጥ ወራት የቆዩ ቤተሰቦችን በዓይኔ አይቻለሁ። እነዚህ ሰዎች ተከራይ ናቸው ወይስ እንግዳ? በ1320 ርዕስ «መኖሪያ» ውስጥ ይግቡ አይግቡ የሚወስነው የሚኖሩበት ሁኔታ ሳይሆን በሩ ላይ የተሰቀለው ሰሌዳ ነው።

«እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት» የሚል አባባል አለ። እኔ የሠራሁት ሶፍትዌር ውስጥ ይኼ ነገር ቃል በቃል ነበረ። ለረጅም ጊዜ የሚቆይ ደንበኛ ቅናሽ አለው፤ ደስ ይላል። ነገር ግን የስብሰባ ቁልፏ ስትጫን ሁሉንም ክፍል ነው የምታባዛው፣ የወሩንም ጭምር። ስሠራው አላሰብኩበትም። እንግዳ ተቀባይዋ ነች የነገረችኝ። አሥራ አንድ ቁጥር ውስጥ ሦስት ወር የቆየ አንድ ሰው ነበር፤ በቀን ነው የሚከፍለው፣ ሰባት ሰባት ቀን እያደረገ። አንድ ሰኞ ሊከፍል ሲመጣ ኮምፒውተሩ እጥፍ አለው። «ምን ተፈጠረ?» ሲላት «ስብሰባ አለ» አለችው። «እኔ ምን አገባኝ፣ አልተሰበሰብኩም» አላት። እየሳቀች ነበር የነገረችኝ፤ እኔም ስቄያለሁ። ሰውየው ማታውኑ ወጣ። የት እንደሄደ አታውቅም።

እንግዲህ አንቀጽ 2653 ያላየው፣ 47 ያላየው፣ 1320ም ያላየው ሰው እሱ ነው። እኔም አላየሁትም። ኮዴ ውስጥ «እንግዳ» የሚል አንድ ሠንጠረዥ ነው ያለው፤ የገባበት ቀን፣ የወጣበት ቀን፣ የከፈለው። ምክር ቤቱን ከመተቸቴ በፊት ይኼን መጻፍ ስለነበረብኝ ነው የጻፍኩት።

ሌላው ቅሬታዬ የቋንቋ ነው። 1320 ውስጥ ግሶቹ ባለቤት የላቸውም፤ ይወሰናል፣ ይመዘገባል፣ ይረጋገጣል፣ ይቀጣል። የሚሠራው ሁልጊዜ «ተቆጣጣሪ አካል» ነው፤ ይህ አካል ማን እንደሆነ ደግሞ ክልሉና ከተማው የሚወስነው ነው። እናቴ ጥያቄዋ ቀላል ነው፦ «የት ቢሮ ልሂድ?» አዋጁን ሁለት ጊዜ አንብቤላት መልስ አላገኘሁላትም። የሕግ አማርኛ እንዲህ ነው የሚጻፈው የሚል ይኖራል። የ1952ቱ ግን እንዲህ አይደለም። እዚያ ሁለት ሰዎች አሉ፣ ይስማማሉ ወይም አይስማሙም፤ ማዘጋጃ ቤቱ የሚታወቅ ቤት ነው፣ ልማዱም የሚታወቅ ልማድ ነው። በፈረንሳይኛ የታሰበ ሕግ ከእኛው ሰው ረቂቅ ይልቅ ለእናቴ ቀረባት። ይህ ሬኔ ዳቪድን ማድነቅ አይደለም፤ የኛን ጸሐፊዎች መውቀስ ነው።

ደግሞ ሚዛኑ። የቤት ዋጋ ላይ ጣሪያ ያበጀ አገር የደመወዝ ወለል ላይ ገና ነው፤ የ2011ዱ የሠራተኛ አዋጅ የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ይናገራል፣ የግሉን ዘርፍ ዝቅተኛ ደመወዝ ግን እስከዛሬ ቁጥር አልተሰጠውም። የፓርኩ ልጅ ተከራይ ሆና ሕግ ያያታል፣ ሠራተኛ ሆና አያያትም። አከራይዋ ማን ናት? እንደ እናቴ ያለች፣ ሦስት ክፍል ያላት ሴት። ሸክሙ ከፋብሪካው በር ወደ እናቴ ጓሮ ተዛወረ ብዬ ብናገር ማጋነን ይሆንብኛል፤ ትንሽ ግን እንደዚያ ነው።

ምን ይሁን ነው የምትለው? የሚለኝ አለ። የሆቴል ዋጋ ይቸንከር አልልም፤ ቦምቤይን አንብቤያለሁ። የባለፔንሲዮኑም ነገር ይገባኛል፤ ስብሰባ በሌለበት ወር ሃያ ሁለት ክፍሉ ውስጥ ስድስቱ ብቻ ነው የሚሞላው፣ የባንክ ወለዱ ግን ሁሉም ወር እኩል ነው። እኔ የምፈልገው አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። በአንድ ክፍል ውስጥ ይህን ያህል ሌሊት ያደረ ሰው፣ በሩ ላይ ምንም ይጻፍ ምን፣ ነዋሪ ነው የምትል። ሠላሳ ሌሊት ይሁን ስልሳ፣ እዚያ ላይ ይከራከሩ። እሱ እውነተኛ ክርክር ይሆን ነበር፤ ላንጋኖ ያለው ሪዞርትና ገንደ ሀራ ያለው አልጋ ቤት አንድ እንዳልሆኑ ለማስረዳት አንድ ተመራጭ ቢያንስ ላብ ያልበው ነበር። ሁለተኛ፣ ዋጋው ይለጠፍ። ትልልቆቹ ሆቴሎች እንኳ ዋጋቸውን ከነ«ፕላስ ፕላሱ» ነው የሚነግሩህ፤ 1000 ብር ያሉህ አልጋ 10 ከመቶ የአገልግሎት፣ በዚያ ላይ 15 ከመቶ ቫት ተጨምሮበት 1265 ሆኖ ጠዋት ይጠብቅሃል። ሂሳቡ ትክክል ነው። የተነገረህ ግን ማታ ነው፣ የተነገረህም ሌላ ቁጥር ነው።

እናቴ ለጊዜው መፍትሔ አግኝታለች። ሦስተኛዋን ክፍል አዲስ ለመጣ ሰው አላከራየችም። ፍራሽ ቀይራ፣ መጋረጃ ሰቅላ፣ ለስብሰባ የሚመጣ እንግዳ በቀን ታሳድርበታለች። ጎረቤት ነው የመከራት። ደውላ ስትነግረኝ ድምጿ ደስ ብሎታል፤ በሁለት ቅዳሜና እሁድ የወሩን ኪራይ አገኘች። ምንም ማለት አልቻልኩም። እኔ የምኖርበት አዲስ አበባ ያለው ግቢ ውስጥም ባለቤቷ አንዱን ክፍል እንደዚያው አድርገዋል፤ ከዚያ የወጣችው ልጅ ጓደኛዬ ነበረች።

ባለፈው ወር የፔንሲዮኑ ባለቤት እንደገና ደወሉ። ኮምፒውተሩ ተቀይሮ ሶፍትዌሩ እንደገና ይጫንልን ብለው ነው። አዳማ ሄድኩና ጫንኩላቸው። በዚያው ሁለት ነገር ጨመርኩ። አንደኛ፣ ቁልፏ ስትጫን ከሠላሳ ሌሊት በላይ የቆየን ሰው እንዳትነካ አደረግኳት። ሁለተኛ፣ ዋጋ በተቀየረ ቁጥር ማን፣ መቼ፣ ከስንት ወደ ስንት እንደቀየረው የሚመዘግብ ገጽ ሠራሁ።

የመጀመሪያውን ሳሳያቸው «ጥሩ፣ እሱስ ልክ ነው፣ ደንበኛ ነው» አሉ። ሁለተኛውን ግን ረጅም ጊዜ አዩት። መነጽራቸውን አውልቀው አጸዱት።

«ይኼን የሚያየው ማነው?» አሉኝ።

«ለጊዜው እርስዎ ብቻ ነዎት፣ ጋሼ።»

«ለጊዜው,» አሉ፣ «አጥፋልኝ እስቲ።»